ከብት በሚሰማራበት ማኮብኮቢያ ላይ አነስተኛ አውሮፕላን ስለማሳረፍና ስለማስነሳት

በኢትዮጵያ ገጠር የሚገኝ የአፈር ወይም የሣር ማኮብኮቢያ ለአብራሪው ማረፊያ ይሁን እንጂ ለአካባቢው ሰው ከሁሉ የተሻለ ግጦሽ ነው። ድንጋዩና ቁጥቋጦው ተለቅሟል፤ አይታረስም፤ ዝናብ በጣለ ማግስትም ሣሩ ቀድሞ ይለመልማል። አውሮፕላን በሳምንት አንዴ ቢመጣ ከብቱ በየቀኑ ይመጣበታል። በጂንካ ከተማ መሐል የነበረው የቀድሞው የሣር ማኮብኮቢያ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከተማዋ በዙሪያው ስታድግ ሜዳው አውሮፕላን በማይኖርበት ሰዓት ከብት የሚግጥበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትና ሰው ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚሻገርበት ስፍራ ሆኖ ቆይቷል። በአፍሪካ ከፍተኛው የቀንድ ከብት ብዛት ባለበት አገር የሚበር ሰው ይህን እንደ ደንብ ጥሰት ከሚቆጥረው እንደ አየር ጠባይ አስቀድሞ ሊያጤነውና ሊዘጋጅበት ይገባል።

ቀጥሎ ያለው ምክር እንደ ሴስና 172፣ ሴስና 206 እና ካራቫን ያሉ አውሮፕላኖችን ለሚያበሩ፣ እንዲሁም ማኮብኮቢያ ለሚጠብቁ ሰዎች የተጻፈ ነው። ምክሩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እንስሳ መንገድ ላይ መግባቱ አይቀርም፣ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው ግን አብራሪው ውሳኔውን የሰጠበት ከፍታና ጊዜ ነው።

ከመነሳትዎ በፊት

ወደሚሄዱበት ስፍራ ስልክ ይደውሉና ከነፋሱና ከጭቃው ሌላ ሁለት ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ ነው። በገበያ ቀን ማኮብኮቢያውን አቋርጦ የሚነዳው ከብት የሰፈሩ ከብት አይደለም፤ ከሩቅ የመጣ፣ አውሮፕላን አይቶ የማያውቅ፣ እርስ በርሱም ያልተላመደ ስለሆነ ሲደነግጥ ወዴት እንደሚሮጥ መገመት ያስቸግራል። ሁለተኛው ከብቱ ከበረት የሚወጣበትና የሚመለስበት ሰዓት ነው። በብዙ ስፍራ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ መንጋው ይወጣል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ይመለሳል፤ ውሃ መውረጃው ከማኮብኮቢያው ማዶ ከሆነ እኩለ ቀን ላይም መሻገር አለ። በረራውን በእነዚህ ሰዓቶች መካከል ማድረግ ምንም ወጪ የማያስወጣ ጥንቃቄ ነው።

ማኮብኮቢያው በቋሚነት የሚያገለግል ከሆነ ከመንደሩ ጋር ስምምነት ማድረግ ከማናቸውም አጥር ይሻላል። ከታወቁት አሠራሮች ሁሉ እኔ የምመርጠው ሣሩን አጭዶ መውሰድን ለአካባቢው ሰው መፍቀድ ነው። ያጨደ ሰው ከብቱን በዚያ አያሰማራም፣ ሌላውም እንዳያሰማራ ይጠብቃል፤ ሣሩ ሲያጥርም ጉድጓድ፣ ችካልና የተረሳ ገመድ ከሩቅ ይታያል። ሽቦ አጥር ግን በየጥቂት ወሩ የሚሰረቅ ከመሆኑም በላይ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ በኋላ የገባው ከብት መውጫ ስለሚያጣ በአጥሩ ጥግ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፤ ግማሽ አጥር ካለመኖሩ የከፋ ነው።

ዘበኛው ወይም ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ከብቱን መንዳት ያለበት የሞተር ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ነው። መንጋውን በሙሉ ወደ አንድ ወገን ያውጣ፤ ግማሹን ግራ ግማሹን ቀኝ ካደረገ ሁለቱ ሊገናኙ ሲሉ ማኮብኮቢያውን ይቆርጣሉ። እናቲቱ በአንድ በኩል ጥጃዋ በሌላ በኩል ከቀሩ መሻገራቸው እርግጥ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ግን ማንም ሰው ወደ ሜዳው መግባት የለበትም፣ በተለይም እረኛ ልጆች። አንዲት ጊደር ለመመለስ በአውሮፕላን ፊት የሚሮጥ ልጅ ከጊደሯ ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ነውና ይህ ለልጆቹም ለወላጆቻቸውም ደጋግሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ከፍታው የሚጨምረው ፍጥነት

የአውሮፕላን ማሠልጠኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚበር ሰው ነው። የእኛ ደጋ እንደዚያ አይደለም፤ የቦሌ ማረፊያ እንኳ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በእያንዳንዱ 1,000 ጫማ (305 ሜትር ያህል) ከፍታ እውነተኛው የአየር ፍጥነት መለኪያው ከሚያሳየው በግምት 2 በመቶ ይበልጣል። በ8,000 ጫማ ላይ መለኪያው 60 ኖት ሲያሳይ፣ ነፋስ ከሌለ፣ አውሮፕላኑ መሬቱን የሚነካው ወደ 70 ኖት በተጠጋ ፍጥነት ነው። ይህ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሦስት ሴኮንድ የፈዘዘ አብራሪ ከመቶ ሜትር በላይ አልፎ ይገኛል። አውሮፕላኑ ይዞት የሚወርደው ኃይልም ከፍጥነቱ በበለጠ መጠን ያድጋል፤ በዚሁ ከፍታ በባሕር ጠለል ካለው በሲሶ ገደማ ይጨምራል፣ ፍሬኑም ግጭቱም የሚቀበሉት ይህንኑ ነው።

በሌላ በኩል ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የፒስተን ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ኃይል ስለሚያጣ በዚያ ከፍታ ሩብ ያህሉ አይገኝም፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ማረፉን ትቶ እንደገና መውጣት፣ አብራሪዎች ጎ አራውንድ የሚሉት፣ በቆላ ከሚሠራበት በጣም ቀድሞ መወሰን አለበት። አንድ ልማድም እዚህ ላይ ይታረም። ከማረፍ በፊት ሚክስቸሩን፣ ማለትም የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ፣ እስከ መጨረሻው በነዳጅ ማበልጸግ በዝቅተኛ ስፍራ የተለመደ ሲሆን በደጋ ግን ሞተሩን በነዳጅ አጥግቦ የቀረውን ኃይል ይነጥቃል። ሚክስቸሩ ለስፍራው ከፍታ እንደተስተካከለ ይቆይ፤ በሬ ፊት ለፊት ሲቆም ለማስተካከል ጊዜ አይኖርም።

የክብደቱም ነገር ቀላል አይደለም። ሴስና 172 ኤስ ሙሉ ጭኖ ሲነሳ ከፍተኛ ክብደቱ 1,157 ኪሎ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ የአውሮፕላኑን ሩብ ያህል ነው፤ የሚመታውም በፕሮፔለሩና በፊት ጎማው ቁመት ላይ ነው።

ማኮብኮቢያውን ከላይ መፈተሽ

ወደማያውቁት ወይም ብዙ ቀን ወዳልጎበኙት ሜዳ ሲደርሱ በመጀመሪያው ዙር አይረፉ። በ500 ጫማ ከፍታ ጎኑን ይዘው ይብረሩና ከሜዳው ይልቅ ዳርቻውን ይመልከቱ፤ መንጋው የት እንዳለ፣ ወዴት ዞሮ እንደሚግጥ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሆነ፣ እረኛው ከመንጋው ጋር መኖሩን ይለዩ። እየጋጠ የሚሄድ መንጋ ባዞረበት አቅጣጫ ስለሚቀጥል እርስዎ ዙሩን ጨርሰው በአራትና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሲመለሱ የት እንደሚደርስ መገመት ይቻላል። ሁለተኛው ዙር ዝቅ ብሎ የሚደረግ ሲሆን የሚደረገውም በማኮብኮቢያው ላይ ሳይሆን መንጋው ካለበት በተቃራኒው ጠርዝ ነው፤ ሲደነግጡ ከሜዳው ይሸሹ እንጂ ወደ ሜዳው እንዳይገቡ ነው። በዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ ለማረፍ ወይም ለመነሳት ካልሆነ በቀር ሰው ባልሰፈረበት ስፍራ እንኳ ከመሬት ከ150 ሜትር በታች መብረር ስለማይፈቀድ ይህ ዝቅ ያለ ዙር የማረፉ አካል መሆን አለበት። ለጨዋታ ተብሎ መንጋ ላይ ዝቅ ብሎ መብረር እርጉዝ በግ እስከ ማስወረድ፣ የዶሮ ቤት ውስጥ ያሉትንም ጥግ ላይ ተደራርበው እስኪታፈኑ እስከ ማድረስ የሚሄድ ጥፋት ነው።

ከዚህ ዙር በኋላ ወዲያው ይረፉ። ድምፁ የገፋው ከብት ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ወደ ሣሩ ይመጣል።

እንስሶቹ እንደየጠባያቸው

በጎች መጀመሪያ አንድ ላይ ይከማቻሉ፣ ቀጥሎም አንዱ በሄደበት ሁሉም ይከተላል፤ አንድ በግ ሲሻገር ካዩ መንጋው ሁሉ እንደሚሻገር ይቁጠሩ። ፍየል ፈጣን ናት፣ ብዙ ጊዜም ታመልጣለች፣ ነገር ግን ብቻዋን በሌላ አቅጣጫ ትመለሳለች። የቀንድ ከብት ለመንቀሳቀስ ይዘገያል፤ አንገቱን አቅንቶ ያያል፣ ከዚያም በድንገት ይፈተለካል። ጥጃ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጅራቱን ሰቅሎ ከአውሮፕላኑ ጎን እኩል የሚሮጥበት ጊዜ አለ። አህያ ደግሞ አትንቀሳቀስም። መኪና ጥሩንባ እየነፋ ያላነቃነቃት አህያ ለአውሮፕላን ትለቃለች ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው፤ አህያ የቆመችበት ማኮብኮቢያ ሰው ሄዶ እስኪነዳት ድረስ ዝግ ነው። በአፋርና በሶማሌ ቆላ የሚያጋጥመው ግመል ረጅም በመሆኑ ሰውነቱ በፊት መስታወቱና በክንፉ ቁመት ላይ ይገኛል፤ ግጭቱም በቀጥታ ወደ አብራሪው ክፍል የሚመጣ ይሆናል። ውሻ ጎማ ያባርራል፣ በፕሮፔለሩ የሚመታውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታስሮ የሚግጥ እንስሳ ለብቻው ይታይ። ፈረስና በቅሎ በረጅም ገመድ ከችካል ጋር ታስረው ሲደነግጡ ገመዱን እንደ ወጥመድ ማኮብኮቢያው ላይ ይዘረጉታል፤ ከአየር ላይ እንስሳው ይታያል እንጂ ገመዱ አይታይም።

ፋይናል ላይና ከዚያ በኋላ

ፋይናል ላይ፣ ማለትም ማኮብኮቢያውን ቀጥታ ይዘው ለማረፍ በመውረድ ላይ ሳሉ፣ የሚጠቅመው ደንብ ቀላል ነው። ከ200 ጫማ በላይ ሆነው በማኮብኮቢያው ላይ ወይም ከጠርዙ አጠገብ የሚንቀሳቀስ እንስሳ ካዩ፣ እስክደርስ ይወጣል ብለው አይጠብቁ፤ ማረፉን ይተዉ። ሙሉ ኃይል ይስጡ፣ አፍንጫውን አስተካክለው ፍጥነት ይያዙ፣ ፍላፑን (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል) በደረጃ ያንሱ። ከ1981 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ የሴስና 172 ሞዴሎች ፍላፕ እስከ 40 ዲግሪ ስለሚወርድና በዚያ ፍላፕ በደጋ መውጣት እጅግ ስለሚያዳግት እንስሳ በሚጠረጠርበት ሜዳ ሙሉውን 40 ዲግሪ ሳያወርዱ መምጣት ይመረጣል።

አደገኛው ጊዜ መሬት ሊነኩ ጥቂት ሜትር ሲቀር ነው። በዚያን ጊዜ ፍየል ዘልላ ስትገባ የእጅ ደመ ነፍስ መሪውን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ፍጥነት በሌለበት መሪ መሳብ ግን ክንፉ አየር መያዝ እንዲያቅተው ያደርጋል፣ ስቶል የሚባለውም ይኸው ነው፤ ከአሥር ሜትር ላይ በአንድ ክንፍ ተደፍቶ መውደቅ ሰው ይገድላል፣ በመሬት ላይ እየቀዘቀዙ ፍየል መግጨት ግን አብዛኛውን ጊዜ ብረት ያጎብጣል እንጂ ሰው አይጎዳም። ይህን ምርጫ አስቀድሞ በልቡ ያልወሰነ አብራሪ በሰዓቱ አይወስነውም። ትርፍ ፍጥነት ካለ ብቻ፣ ኃይል ጨምሮ መሬት አጠገብ ባለው የአየር ትራስ ላይ እንስሳውን በጥቂቱ መዝለልና እንደገና ፍጥነት መያዝ ይቻላል።

ጎማው መሬት ከያዘና ለመነሳት የሚበቃ ሜዳ ካልቀረ ፍላፑን ያንሱ፣ መሪውን ወደ ኋላ ይዘው ቀጥታ ፍሬን ይያዙ። እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊቱ ስለሚሮጥ ማለፍ የሚሻለው ከኋላው በኩል ነው፤ ከላሟ ኋላ ጥጃ መኖሩን ግን አይርሱ። ግጭቱ የማይቀር ከመሰለ ሚክስቸሩን ይቁረጡ፤ የቆመ ወይም ሊቆም የደረሰ ፕሮፔለር በሞተሩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ያነሰ ነው። ለማምለጥ ተብሎ በድንገት መሪ መስበር አውሮፕላኑን አሽከርክሮ ዳር ላይ ወዳለው ሰው ሊወስደው ይችላል፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ዳር ላይ ሰው የማይሰበሰብበት የገጠር ማኮብኮቢያ ደግሞ የለም።

ሲነሱ የሚለየው ነገር አጭር ነው። ማኮብኮቢያውን በአውሮፕላኑ ወይም በእግር እስከ መጨረሻው ይሂዱበት፤ አውሮፕላኑን ለማቆም የሚያስችል ርቀት የሚያበቃበትን ቦታ በድንጋይ ወይም በዛፍ ምልክት ያድርጉ። ከምልክቱ በፊት እንስሳ ከገባ ያቁሙ፤ ከምልክቱ በኋላ ከገባ ይነሱ።

ሲያድር

ከብት አውሮፕላን ይወዳል ማለት ይቻላል። ክንፉ ጥላ ነው፣ የጅራቱ ጠርዝ ማከኪያ ነው፣ ሸራውም ይላሳል። ክንፋቸው በጨርቅና በቀለም የተሸፈነ እንደ ፓይፐር ከብ ያሉ አውሮፕላኖች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ላሞች የቀለሙን ጣዕም ስለሚወዱ ልሰው ብቻ አይተዉትም፣ ጨርቁን ቀድደው ያኝኩታል። በብረት አውሮፕላን ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ስውር በመሆኑ የባሰ ነው። በሬ የታከከበት ኤሌቬተር (ከጅራቱ ላይ ያለው፣ አፍንጫውን የሚያነሳና የሚያወርድ ክፍል) በዓይን ደህና መስሎ ማጠፊያው ሊጣመም፣ የፍጥነት መለኪያው አየር የሚቀበልበት ፒቶ ቱቦም ሊጎብጥ ይችላል። ፍየል ደግሞ ከፍ ያለ ነገር ካየች ትወጣለች፤ ዝቅ ያለ ክንፍ ባለው አውሮፕላን ላይ የሰኮናዋ ምልክት ይቀራል።

ስለዚህ አውሮፕላኑን ከመተውዎ በፊት የግራር እሾህ ክምር ዙሪያውን ያስደርጉ፤ ርቀቱ ክንፉ ላይ አንገት የማያደርስ ይሁን። ጠዋት ሲመለሱ እያንዳንዱን መሪ ክፍል በእጅዎ እስከ መጨረሻው ያንቀሳቅሱ፣ ጠርዞቹን በጣትዎ ይዳስሱ። ጎማና ፍሬን ላይ የተለጠፈ እበት ይታጠብ፤ እበትና ሽንት አሉሚንየምን ይበላሉ። ሞተር ከማስነሳትዎ በፊትም ከኋላዎ የታሰረ እንስሳ መኖሩን ይዩ፤ ከፕሮፔለሩ የሚወጣው ነፋስ የታሰረን ፈረስ ገመድ አስበጥሶ ሰው መሐል ይሰደዋል።

ሞተር ጠፍቶ ግጦሽ ላይ ማረፍ ሲገደዱ

ሌላ ሜዳ ካጡና ግጦሽ ላይ ማረፍ ግድ ከሆነ መንጋው ከተከማቸበት በተቃራኒው ጫፍ ይምረጡ። በብቸኝነት የቆመ ኮርማ ካለበት ሜዳ ብዙ በጎች ያሉበት ይሻላል። በእርሻ ወቅት እየታረሰ ያለ ማሳ ፈጽሞ አይምረጡ፤ በቀንበር የተጠመዱ ጥማድ በሬዎች መሸሽ አይችሉም፣ ከኋላቸውም እርፍ የያዘ ሰው አለ።

እንስሳ ከተገጨ በኋላ

ሞተሩን ያጥፉ፣ የነዳጁንና የባትሪውን ማብሪያ ይዝጉ፣ ተሳፋሪዎችን ያውጡ። ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ስሕተት ፕሮፔለሩ ትንሽ ነው የጎበጠው ብሎ ቀጥቅጦ ወደ ዋናው ከተማ ለመብረር መሞከር ነው። ፕሮፔለሩን ያገኘ ምት ወደ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) እና በሞተሩ ኋላ ወዳሉት ጥርሶች ይተላለፋል፤ ስንጥቁ ደግሞ ከውጭ አይታይም። የሞተር አምራቹ የላይኮሚንግ መመሪያ ፕሮፔለሩ ከቀላል ሞረዳ ያለፈ ጥገና ካስፈለገው ጉዳዩን የፕሮፔለር ምት ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሞተሩ ያልሠራበት ጊዜ እንኳ ቢሆን። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተፈትቶ ሊመረመር ይገባል። በሴስና ላይ በተጨማሪ የፊት ጎማው የተያያዘበትን፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየውን የብረት ግድግዳ ይመልከቱ፤ መጨማደድ ካለ አውሮፕላኑ እስኪጠገን መብረር የለበትም ማለት ነው። የፍሬን ቱቦዎችንና የሞተሩን አየር ማስገቢያም ይፈትሹ፤ ሥጋና ጸጉር የደፈነው ማቀዝቀዣ ሞተር ያቃጥላል።

ክስተቱን ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያሳውቁ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 13ኛ አባሪ ትርጉም መሠረት ሰው ካልተጎዳና ጉዳቱ በሞተሩና በፕሮፔለሩ ብቻ ከተወሰነ አደጋ ከሚለው ምድብ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን አብራሪው አይደለም። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሳ።

ከባለቤቱ ጋር የሚደረገውን ንግግር ለነገ አያሳድሩ፤ የአካባቢው ሽማግሌዎችና የቀበሌው ሰው ባሉበት ይሁን። የካሣው መጠን በሥጋ ዋጋ የሚሰላ አይደለም። የታረሰበት በሬ የጥማዱ ግማሽ ነው፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን አያርስም፤ ሳይታረድ የሞተ እንስሳ ደግሞ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አይበላም፣ ስለዚህ ከሥጋው የሚተርፍ ነገር የለም። ቆስሎ በሕይወት ያለ ከሆነ ማረዱን ለባለቤቱ ይተዉ።

ሬሳው በዚያው ቀን ከማኮብኮቢያው ርቆ ይቀበር። ጥንብ አንሳና ጭልፊት ይሰበሰቡበታል፤ ወፍ በሞተር ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. በባሕር ዳር ታይቷል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 እየተነሳ ሳለ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። መካኒኮችና መለዋወጫ እስኪደርሱ አውሮፕላኑ ለቀናት እዚያው ስለሚቆም ፀሐይ ሳትጠልቅ በእሾህ ይታጠር፤ ማታ ከብቱ በዚያው መንገድ ወደ በረቱ ይመለሳል።